ከብርታቱ ወጥነቱ፦ የአንጎልን ኬሚካል የሚያነብ ማግኔት እንዴት ይስተካከላል?

ደብረ ሲና ያላችሁ አንባቢዎች፣ ስልካችሁን ጠረጴዛው ላይ አጋድሙት። በአብዛኞቹ ዘመናዊ ስልኮች ውስጥ ሰሜንን ለማመልከት የተቀመጠች ትንሽዬ የማግኔት መለኪያ አለች፤ ንባቧን በቁጥር የሚያሳዩ ነጻ መተግበሪያዎችም ሞልተዋል። ቁጥሩ 36 ማይክሮቴስላ አካባቢ ይሆናል። የምትለኩት የምድርን መግነጢሳዊ መስክ ነው፤ ማይክሮቴስላ የመስክ መለኪያው የቴስላ አንድ ሚሊዮንኛ ነው። አሁን የብረት መዶሻ ወደ ስልኩ አስጠጉ፤ ቁጥሩ ይዘላል። አርቁት፤ ይመለሳል። የአሉሚኒየም ድስት ብታስጠጉ ግን ንቅንቅ አይልም። መስኩ በዓይን አይታይም እንጂ በአንዲት ጠረጴዛ ላይ እንኳ ከስንዝር ስንዝር ይለያያል።

ውጭም ያው ነው። ከጣርማ በር ዋሻ ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም በአርማንያ አድርጎ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርደው መንገድ በአመዛኙ የተቆረጠው ከእሳተ ገሞራ በወጣ ጥቁር ድንጋይ፣ በባዛልት ላይ ነው። የሥነ ምድር ባለሙያዎች ከኢትዮጵያ የባዛልት ዓይነቶች አንዱን በዚሁ በጣርማ በር ስም ነው የሚጠሩት። ባዛልት ማግኔታይት የሚባል የብረት ማዕድን ስላለበት፣ አለቱ አጠገብ የተያዘ ኮምፓስ ሰሜንን ሊስት ይችላል። ለመንገደኛ ይህ ብዙም አያሳስብም። የአንጎልን ኬሚካል ለሚያነብ መሣሪያ ግን ከዚህ በብዙ ያነሰ መዛነፍ እንኳ ሥራውን ያበላሻል። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ መዛነፍና ስለሚቃናበት መንገድ ነው።

በመጀመሪያ፣ ምርመራው ለምን እንደሚያስፈልግ። ከይፋት ቆላ አንድ ሰው ራስ ምታትና የሚጥል በሽታ ጀምሮት ወደ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም ሪፈር ተጽፎለት ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል እንበል። ኤምአርአይ ይነሣል። ፎቶው ላይ አንጎሉ ውስጥ ዙሪያውን የደመቀ ክብ ነገር ይታያል። ምንድን ነው? ዕጢ ሊሆን ይችላል። መግል የቋጠረ እብጠት ሊሆን ይችላል። እንደኛ ቲቢ በበዛበት አገር ደግሞ አንጎል ውስጥ የተቀመጠ የቲቢ እብጠት ሊሆን ይችላል። ሦስቱም በፎቶ ሊመሳሰሉ ይችላሉ፤ ሕክምናቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ለአንዱ የወራት ክኒን፣ ለአንዱ መግሉን ማውጣት፣ ለአንዱ ቀዶ ሕክምናና ጨረር ነው።

እዚህ ላይ ነው የኤምአርአይ ስፔክትሮስኮፒ የሚመጣው። ማሽኑ ያው ኤምአርአዩ ነው፤ ነገር ግን በፎቶ ፈንታ ከአንድ ቦታ የኬሚካሎችን ዝርዝር ያወጣል። ወረቀቱ ላይ ጉብታ ጉብታ ያለው መስመር ይታያል፤ እያንዳንዱ ጉብታ የአንድ ኬሚካል ነው። ኤንኤኤ የሚባለው ጤነኛ የነርቭ ሕዋስ መኖሩን ይነግራል። ኮሊን የሕዋስ ሽፋን በብዛት ሲሠራና ሲፈርስ ይጨምራል፤ ስለዚህ ዕጢ ውስጥ ብዙ ጊዜ ኮሊን ከፍ፣ ኤንኤኤ ዝቅ ይላል። በቲቢ እብጠት የስብ ጉብታ ጎልቶ ይወጣል። ባክቴሪያ ባመጣው መግል ውስጥ ደግሞ ጤነኛ አንጎል ላይ የማይታዩ አሚኖ አሲዶች፣ አሴቴትና ሰክሲኔት ይታያሉ። ምርመራው ብቻውን አይፈርድም፤ መሀሉ የሞተ ክፉ ዕጢም ስብ ያሳያል፤ ናሙና መውሰድ የግድ የሚሆንበት ጊዜም ብዙ ነው። ቢሆንም የራስ ቅል ሳይከፈት የሚገኝ እንዲህ ያለ መረጃ ዋጋው ትልቅ ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ። ሰውነታችን አብዛኛው ውሃ ነው፤ ውሃ ውስጥ ሃይድሮጂን አለ፤ የሃይድሮጂን እምብርት ፕሮቶን ነው። ፕሮቶን መግነጢሳዊ መስክ ውስጥ ሲገባ መስኩን ዋልታ አድርጎ ይዞራል፤ በሰከንድ የሚዞረው መጠን በመስኩ ጥንካሬ ይወሰናል። ሕጉ አንድ ነው፦ በ1 ቴስላ በሰከንድ 42.58 ሚሊዮን ጊዜ፣ ማለትም 42.58 ሜጋኸርዝ። በ1.5 ቴስላ ማሽን 63.9፣ በ3 ቴስላ ማሽን 127.7 ሜጋኸርዝ ይሆናል። ይህ የሬዲዮ ሞገድ ድግግሞሽ ነው። 2.4 ቴስላ የሆነ ማግኔት ቢኖር የሰውየው ፕሮቶኖች በሸገር ኤፍኤም 102.1 አጠገብ ይናገሩ ነበር። የኤምአርአይ ክፍል ግድግዳው በመዳብ የሚለበጠውም የውጭ ሬዲዮ ከፕሮቶኖቹ ደካማ ድምፅ ጋር እንዳይደባለቅ ነው።

ይኸው ሕግ በጠረጴዛችሁ ላይም ይሠራል። በ36 ማይክሮቴስላ፣ በጆግ በተቀመጠ ውሃ ውስጥ ያለ ፕሮቶን በሰከንድ 1,500 ጊዜ ገደማ ይዞራል። በዚህ ላይ የተመሠረተ የምድር መስክ መለኪያ አለ፤ ፕሮቶን ማግኔቶሜትር ይባላል። ልቡ ውሃ ወይም ነጭ ጋዝ የተሞላ ዕቃና ዙሪያውን የተጠቀለለ ሽቦ ነው። አገራችን ለዚህ ዓይነቱ ልኬት ሁነኛ ቦታ ናት፤ የኮምፓስ መርፌ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብል የሚጋደምበት የምድር የማግኔት ወገብ በኢትዮጵያ ያልፋል። ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት በተካሄደበት በ1957 እና በ1958 እ.ኤ.አ. አካባቢ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፒየር ጉዋን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪውን ያቋቋሙበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው።

እነዚህን መለኪያዎች የያዘ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል። ብረት አጠገብ ከተቀመጡ ድምፃቸው ቶሎ ይሞታል። ምክንያቱን ልብ በሉልኝ፤ ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ብረቱ መስኩን ስላጠነከረው አይደለም። ዕቃው ውስጥ በቀኝ በኩል ያለው ፕሮቶን በግራ ካለው የተለየ መስክ ስለሚያገኝ ነው። አንዱ ይፈጥናል፣ ሌላው ይዘገያል፤ አብረው የጀመሩት ጥቂት ቆይተው ይበታተናሉ፣ ድምፃቸውም እርስ በርሱ ይጠፋፋል። አንጎል ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው።

ኬሚካሎቹ የሚለዩት እንዴት ነው? በእያንዳንዱ ሞለኪውል ውስጥ ፕሮቶኑን የከበቡት ኤሌክትሮኖች መስኩን በጥቂቱ ይከልሉታል። ክለላው ከሞለኪውል ሞለኪውል ስለሚለያይ፣ የኮሊን ፕሮቶን ክሬአቲን ከሚባለው ሌላ የአንጎል ኬሚካል ፕሮቶን በጥቂት ይፈጥናል። ልዩነቱ ከሚሊዮን 0.2 እጅ እንኳ አይሞላም፤ በ3 ቴስላ ማሽን ከ127.7 ሚሊዮን ዙር ውስጥ 23 ዙር ገደማ ነው። የመግሉ አሴቴትና የጤነኛው ነርቭ ኤንኤኤ ደግሞ ከዚህም ይቀራረባሉ፤ በመካከላቸው 11 ወይም 12 ኸርዝ ብቻ ነው ያለው።

ባለሙያው የሚመርጠው ሣጥን ብዙ ጊዜ በየጎኑ 2 ሴንቲሜትር፣ ማለትም 8 ሚሊ ሊትር ነው። በዚህች ሣጥን ውስጥ መስኩ ከዳር እስከ ዳር በሚሊዮን 0.2 እጅ ቢለያይ፣ በአንዱ ጥግ ያለው ክሬአቲን በሌላው ጥግ ካለው ኮሊን ጋር እኩል ይዞራል። ሁለቱ ጉብታዎች አንድ ሰፊ ጉብታ ይሆናሉ። ሐኪሙ ኮሊኑ ከፍ ብሏል ወይስ አላለም የሚለውን መለየት አይችልም። ችግሩ ይህ ብቻ አይደለም። በአንጎል ውስጥ ያለው ውሃ ከእነዚህ ኬሚካሎች በሺህዎች እጥፍ ይበዛል፤ የውሃው ድምፅ ካልታፈነ ሌላው አይሰማም። ማሽኑ ውሃውን የሚያፍነው የሚዞርበትን ድግግሞሽ ነጥሎ ነው፤ መስኩ ከተዛባ የውሃው ድግግሞሽ ይበተንና ከማፈኛው ያመልጣል፤ ወረቀቱም በውሃ ይጥለቀለቃል።

ስለዚህ የሚፈለገው ወጥነት በሚሊዮን 0.1 እጅ ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ልዩነት ነው። በ3 ቴስላ ላይ ይህ 0.3 ማይክሮቴስላ ይሆናል። ወደ ስልካችሁ ንባብ ተመለሱ፦ የምድር መስክ 36 ነበር። ከምድር መስክ 80 ሺህ ጊዜ በላይ የሚበረታ ማግኔት ውስጥ፣ ከሣጥኗ ዳር እስከ ዳር የሚፈቀደው መዛነፍ የምድር መስክ አንድ መቶኛ እንኳ አይሞላም። እኔን ከዚህ ምርመራ ሁሉ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ ከማግኔቱ ብርታት በላይ።

ታዲያ መስኩን የሚያዛባው ማነው? ዋናው በጥባጭ የታካሚው ራሱ ጭንቅላት ነው። ባዶ ማግኔት ውስጥ ያለው መስክ በጥንቃቄ የተስተካከለ ነው። ጭንቅላት ሲገባ ግን ውሃ የሞላበት ሥጋ መስኩን በጣም በጥቂቱ ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ አየር ግን አይገፋውም ማለት ይቻላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከሚሊዮን 9 እጅ ገደማ ነው። ሥጋና አየር በሚዋሰኑበት ሁሉ መስኩ ይታጠፋል። ጭንቅላታችን ውስጥ ደግሞ አየር አለ፦ ግንባር ውስጥ፣ ከአፍንጫ በላይ፣ ከዓይን ጀርባ መሀል ላይ ሳይነስ የምንላቸው ክፍተቶች፤ ከጆሮ ኋላ ባለው አጥንት ውስጥም ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የአየር ቤት አለ። ስለዚህ በጀርባ በኩል ያለው አንጎል ለስፔክትሮስኮፒ ሲመች፣ ከዓይን በላይ ያለው የፊት አንጎልና ከጆሮ አጠገብ ያለው የጎን አንጎል ግርጌ ያስቸግራል። የሳይነስ ቅርጽ ከሰው ሰው ስለሚለያይ፣ ለአንዱ ታካሚ የተስተካከለው ለቀጣዩ አይሆንም። ተራው የደረሰው ሁሉ አዲስ ማስተካከያ ይፈልጋል።

ማስተካከሉ ሺም ይባላል። ጉልቻ ላይ የተጣደ ምጣድ ወደ አንድ ጎን ካዘመመ ሊጡ ወደዚያ ይሰበሰባል፤ እንጀራው ባንድ ወገን ይወፍራል፣ በሌላው ይሳሳል። ጋጋሪዋ እሳቱን አትጨምርም፤ ባዘመመው ጎን ሥር ገል ወይም ጠፍጣፋ ጠጠር ሸጎጥ ታደርጋለች፣ ትንሽ ሊጥ አፍስሳ ታያለች፣ እንደገና ታቃናለች። የማግኔቱም አስተካካይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ በገሉ ቦታ ብረትና ኤሌክትሪክ ነው ያለው።

ብረቱ የመጀመሪያው ደረጃ ነው። ማግኔቱ ከፋብሪካ ሲወጣ መስኩ በሚሊዮን መቶዎች እጅ የተዛባ ሊሆን ይችላል። ሆስፒታል ከተተከለ በኋላ መሐንዲሶች መስኩን በየነጥቡ ይለኩና፣ በማሽኑ ቀዳዳ ዙሪያ ባሉ ረጃጅም መሳቢያዎች ውስጥ ስስ የብረት ቁርጥራጮችን በስሌት ይደረድራሉ። የወለሉ ብረት ሳይቀር በስሌቱ ይገባል። ሲያበቁ 40 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ሉል ውስጥ ልዩነቱ ወደ ሚሊዮን አንድ እጅ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። ይህ የሚሠራው ባዶ ማሽን ላይ፣ አንድ ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ደረጃ የእያንዳንዱ ታካሚ ነው፤ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው። ቀዳዳውን የከበቡ ጥቅል ሽቦዎች አሉ። ሦስቱ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከፊት ወደ ኋላ፣ ከራስ ወደ እግር ያለውን ማዘንበል ያቃናሉ። እነዚህ በሁሉም ማሽን ላይ አሉ፤ ፎቶ ለማንሳትም የሚያገለግሉት እነሱው ናቸው። ነገር ግን ሳይነስ የሚያመጣው መዛነፍ ማዘንበል ብቻ አይደለም፤ መሀሉ የሚሰረጉድ፣ ዳሩ የሚያብጥ፣ የሚጠማዘዝም አለው። ለዚያ ተጨማሪ አምስት ጥቅሎች ያስፈልጋሉ፤ ሁለተኛ ደረጃ ሺም ይባላሉ። ከዚያ ያለፈ ማቃናት ለሚፈልግ ቀጣዩ ደረጃ ሰባት ነው። ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት የሚለው ቁጥር በዘፈቀደ የመጣ አይደለም፤ በማንኛውም ሉል ውስጥ ያለን መስክ ቅርጽ ደረጃ በደረጃ ለመተንተን የሒሳቡ ሕግ የሚሰጠው ቁጥር ነው። አንዳንድ የሕክምና ማሽን ሦስቱን ብቻ ይዞ ይመጣል። ማሽን ሊገዛ የተነሣ ተቋም ስንት ቴስላ ነው ብሎ እንደሚጠይቅ ሁሉ፣ ሁለተኛ ደረጃ ሺም አለው ወይ ብሎ መጠየቅም አለበት፤ የአንጎል ስፔክትሮስኮፒ ለመሥራት ካሰበ ጥያቄው ዋና ነው።

በየትኛው ሽቦ ስንት አምፔር እንደሚያስፈልግ በምን ይታወቃል? የመስኩን ካርታ በመሥራት። ማሽኑ በጥቂት ሚሊሰከንድ ልዩነት ሁለት ጊዜ ያነሣል። በመካከሉ መስኩ የበረታበት ፕሮቶን ቀድሞ ይገኛል፤ የደከመበት ወደ ኋላ ይቀራል። ሁለት ቦታዎች በ10 ኸርዝ ቢበላለጡ ከ2.3 ሚሊሰከንድ በኋላ የአንድ ሙሉ ዙር 8 ዲግሪ ያህል ይራራቃሉ። ይህ ትንሽ ማዕዘን በየነጥቡ ተለክቶ ካርታ ይሆናል። 2.3 የሚለውን የመረጥሁትም ያለ ምክንያት አይደለም፤ በ3 ቴስላ ስብና ውሃ ከተለያዩ በኋላ እንደገና እኩል የሚሆኑበት ጊዜ ስለሆነ፣ የራስ ቆዳ ሥር ያለው ስብ ካርታውን አያሳስትም። ኮምፒዩተሩ ካርታውን አይቶ ሊያቃናው የሚችለውን የሽቦዎች ድብልቅ ያሰላል።

ተመራማሪው ሮልፍ ግሩተር በ1993 እ.ኤ.አ. ፋስትማፕ የተባለውን መንገድ ሲያሳትም ነገሩን አፈጠነው። መላውን ሣጥን ከመለካት ይልቅ በሣጥኑ መሀል በሚያልፉ ስድስት ቀጭን መስመሮች ላይ ብቻ መለካት ሦስቱንና አምስቱን ለማስላት እንደሚበቃ አሳየ። ለትንሽ ሣጥን ዛሬም ይኸው መንገድና ዘሮቹ ይሠራሉ።

ሽቦዎቹ በተሰላው አምፔር ከተሞሉ በኋላ ፈተናው ቀላል ነው፤ ውሃው ሳይታፈን የውሃውን ጉብታ አንስቶ ስፋቱን ከወገቡ ላይ መለካት። በ3 ቴስላ ከ10 ኸርዝ በታች ከሆነ ጥሩ ነው። 20ን ካለፈ ክሬአቲንና ኮሊን ሊዋዋጡ ነው። ባለሙያው እንደገና ካርታ ሊያነሣ፣ ሣጥኑን ከሳይነስ ትንሽ ሊያርቅ ወይም ሊያሳንስ ይገባዋል። ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ጥቂት ደቂቃ ነው። ከሩቅ መጥቶ ወረፋ ጠብቆ፣ ገንዘብ ተበድሮ ለገባ ሰው ያችን ጥቂት ደቂቃ መንፈግ አይገባም። ውጭ የቆመው ሰልፍ ረጅም መሆኑን አውቃለሁ፤ የማይነበብ ወረቀት ግን ሰልፉን አያሳጥረውም፤ ታካሚውን መልሶ ያሰልፈዋል።

ማግኔቱ ቢበረታ ችግሩ አይፈታም ወይ? በከፊል ብቻ። ከ1.5 ወደ 3 ቴስላ ሲኬድ በኬሚካሎቹ መካከል ያለው ርቀት በኸርዝ ሲቆጠር እጥፍ ይሆናል፤ ሳይነስ የሚያመጣው መዛነፍም እጥፍ ይሆናል። ሺሙ ካልተስተካከለ ትርፉ በዚያው ይበላል። በሌላ በኩል ደግሞ 0.064 ቴስላ የሆኑ፣ በጎማ እየተገፉ አልጋ ዳር የሚደርሱ ትንንሽ የኤምአርአይ ማሽኖች መጥተዋል። ለአገራችን ሆስፒታሎች ትልቅ ተስፋ አላቸው፤ ለፎቶ ግን ነው። በእነሱ ላይ የክሬአቲንና የኮሊን ርቀት ግማሽ ኸርዝ ብቻ ነው፤ የኬሚካሎቹ የተፈጥሮ ጉብታ ራሱ ከአንድ ኸርዝ በላይ ስለሚሰፋ ፍጹም ወጥ የሆነ መስክ ቢገኝ እንኳ አይለዩም።

ታካሚውና ቤተሰቡስ? የሹሩባ መያዣ ብረት፣ የፀጉር ጌጥ፣ የጆሮ ጉትቻ ሁሉ ቀድሞ ይውለቅ። የጥርስ ብረት ካለ ይነገር፤ ከፊት አንጎል ላይ መስኩን ሊያበላሽ ይችላል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት እስከ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ዙሪያ ደርሶ ነበርና፣ በሰውነቱ ፍንጣሪ ወይም ጥይት የቀረበት ሰው ወደ ማሽኑ ክፍል ሳይገባ ይናገር። ይህ ከወጥነት በፊት የሕይወት ጉዳይ ነው፤ ብረት ከሆነ ማግኔቱ ሊስበው ይችላል፣ ዓይን ወይም አንጎል አጠገብ ከሆነ ደግሞ አደጋው የከፋ ነው።

ካርታው ከተነሣ በኋላ ጭንቅላት መንቀሳቀስ የለበትም። ሺሙ የተሠራው ለዚያ አቀማመጥ ነው፤ ታካሚው ቀና ቢል ወይም ዞር ቢል ሳይነሱም አብሮ ይዞራል፣ ሽቦዎቹ ግን ባሉበት ይቀራሉ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጭንቅላቱ በስፖንጅ ተደግፎ ይመቻች፤ ሳል ያለበት ሰው ቀድሞ ይናገር፤ ሕፃን ከሆነ እናቱ አጠገቡ ሆና ታረጋጋው ወይም ማስተኛ ይሰጠው። ተንቀሳቅሶ ከሆነ ካርታው እንደገና ይነሣ።

ቅደም ተከተሉም ለውጥ ያመጣል። እንደ ዲፊዩዥን ያሉ ሽቦዎቹን በኃይል የሚያሠሩ ምርመራዎች የማሽኑን ቀዳዳ ያሞቃሉ። ሙቀቱ መሳቢያ ውስጥ ወዳሉት ብረቶች ሲደርስ የብረቶቹ ማግኔትነት ይለወጣል፤ መስኩም ቀስ እያለ ይንሸራተታል። ስፔክትሮስኮፒው ከእነሱ በፊት፣ ኮንትራስት የሚባለው ማድመቂያ መድኃኒትም ሳይወጋ ቢሠራ ይመረጣል። ውጤቱን ስትቀበሉ የውሃው ጉብታ ስፋት ስንት ኸርዝ ሆኖ እንደነበር ራዲዮሎጂስቱን ጠይቁ፤ ማሽኑ ቁጥሩን ይመዘግበዋል።